በሃምሳው የጾምሁት ጾም

ይድረስ ለእኅቴ ለፀሐይወርቅ፣ ቤይሩት።

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ አገርና ባሕር ተሻግሮ ከደጅሽ ይድረስ። እንደ ምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሽማግሌውን ስታነሺ ስታስተኚ ተቀነጠሰ ያልሽኝ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? ማዳምሽ የጠዋት ቁጣዋን ተወች ወይስ እንዳለች ናት? ባባ የምትይው አባቷስ እህል ይቀምሳል? ባለፈው ስንነጋገር ማንኪያ መግፋት ጀመረ ብለሽኝ ስለ ነበር አስቤው ከረምሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችን ዓይናቸው ከመፍዘዙ በቀር ደኅና ናቸው፤ ስምሽን ሳያነሡ ውለው አያውቁም።

ደኅና ነን ያልሁሽ ለወጉ ነው። የቀሩት ደኅና ናቸው፤ እኔ ግን ደክሞኛል፣ እኅቴ። የሥራ ድካም ቢሆን ተኝቼ እነሣ ነበር። የደበቁት ነገር ድካም ግን ቢተኙም አይለቅም። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ በአንዱ ክፍል የተነገረ በሌላው ይሰማል፤ የእናታችን ዓይን ቢፈዝም ጆሯቸው የድመት ነው። አንቺም ድምፁን ከፍ አድርገሽ፣ ስልኩን ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ አስቀምጠሽ ነው የምታወሪኝ። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ዜማ ለፋሲካ መጥታ አሁን ወደዚያው ልትመለስ ነውና፣ ፖስታውን በማስቲሽ አሽጌ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። አትሳቂብኝ ልል ነበር፤ ግዴለም፣ ትንሽ ሳቂ። ባለቤቴ ፅጌም መጀመሪያ ስቃ ነው ያለቀሰችው።

ዓምና በጥር ሆስፒታል ተኝቼ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ። ያን ጊዜ የሆድ ዕቃ ነገር ነው ብዬሽ ነበር። እውነቱ ፕሮስቴት ነው፤ ከፊኛ በታች ያለች የወንድ ዕጢ ናት አሉኝ። አብጣ ሽንቴን ዘግታው ስለ ነበር በኦፕራሲዮን አወጡልኝ። ሐኪሞቹ ደኅና አድርገው ሠርተውልኛል፤ ሕይወቴን ያገኘሁት በእነሱ ነው። ቱቦው ሲወጣልኝ ግን ያላሰብሁት መጣ። ቀድሞ አልወጣ ብሎ ያስጨነቀኝ ሽንት አሁን አልቆም አለኝ። ሳስል ያመልጠኛል፣ ስስቅ ያመልጠኛል፣ የሞተሩን ገመድ ስስብ ያመልጠኛል። ሐኪሙ «በጊዜ ብዛት ይሻልሃል፤ ጡንቻውን እየጨበጥህ እየለቀቅህ አለማምደው» አለኝ። ከመጀመሪያው ተሽሎኛል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን ይኸው ዓመት አልፎት ዛሬም ሳልታጠቅ ከቤት መውጣት አልችልም። ጋሼ እያልሽኝ ላደግሽ ለአንቺ ይህን መጻፍ እንዴት እንደ ከበደኝ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሥራዬ ያው ነው፤ የገብረ መስቀልን ጀልባ እነዳለሁ። ጎብኚው ፈረንጅ ከጠፋ ከርሟል፤ አሁን የምንጭነው ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሄደውን ተሳላሚ ነው። ጀልባ ላይ መጸዳጃ የለም፣ መከለያ የለም፣ ዛፍ የለም። ሰው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ እኔ ከኋላ ከሞተሩ ጋር ሁሉም እያየኝ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ሲቸግረው ጎማ ልይ ብሎ ይወርዳል። እኔ የት እወርዳለሁ?

መጀመሪያ ፅጌ ያረጀ አንሶላ እየቀደደች፣ እያጠፈች ታስታጥቀኝ ነበር። ጨርቅ ይጠጣል እንጂ አይቋጥርም፤ ስቀመጥበት መልሶ ይተፋዋል። ሱሪዬ ሲረጥብ እጄን ወደ ሐይቁ ሰድጄ ጉልበቴ ላይ ውኃ እረጭና «ይህ ሞገድ!» እላለሁ። ጣና ይቅር ይበለኝ፤ ስንት ቀን በሐሰት ወነጀልሁት። ነፋስ ባለ ቀን ይታመናል፤ ሐይቁ ዘይት መስሎ በተኛ ጠዋት ግን ማን ያምናል? ቀጥሎ የሕፃን ዳይፐር ገዛሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል? ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ እታጠቃለሁ። ባለ ሱቁ ደስ ብሎት «እንኳን ማርያም ማረቻት! ማን ወለደ?» አለኝ። ቤቴ ያለችው ሔራን ናት፤ ልጄ ገና ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጃገረድ ናት። ለእንግዳ ነው ብዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሱቅ ደጃፍ አላለፍሁም።

በኋላ የትልቅ ሰው ዳይፐር የሚባል በፋርማሲ እንደሚሸጥ ሰማሁ። ለአንቺ የዘወትር ነገር ነው፤ ባባን ስትቀይሪው ነው የምትውዪው፣ የምታድሪው። እኔ ግን አንቺ ስታወሪኝ የሩቅ አገር ሰው ሕመም ይመስለኝ ነበር። የማያውቀኝ ሰው ይሻላል ብዬ እስከ ፔዳ ሄድሁ። ሔራን የምትማርበት የዩኒቨርሲቲው ሰፈር መሆኑን ያስታወስሁት ፋርማሲው በር ላይ ቆሜ ነው። ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ገባሁ። ሻጯ ልጅ ለማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ለአባቴ» አልኋት። አባታችን ነፍሳቸውን ይማርና ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ከመቃብር አስነሥቼ ዳይፐር አስታጠቅኋቸው። ይራመዳሉ ወይስ ተኝተው ነው የሚውሉት አለችኝ። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ይጎትታል፤ ተኝተው ነው አልሁ። ወገባቸው ምን ያህል ነው አለችኝ። ትልቅ የሆነ ብዙ ይይዛል ብዬ የመጨረሻውን ትልቅ ስጪኝ አልኋት። ልጅቱ ምን ታድርግ? በነገርኋት መሠረት ለአልጋ ቁራኛ የሚሆነውን፣ በግራና በቀኝ በማጣበቂያ የሚታሰረውን፣ የግዙፍ ሰው ልክ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ክረምት ከበጋ እንደ ቀርከሃ ቀጭን መሆኔን ታውቂያለሽ።

ለብሼው ስሠራ መከራዬ ሌላ ሆነ። ጭኔ ላይ ክፍት ስለሆነ ሽንቱ ወደ ውስጥ በመሄድ ፈንታ ወደ ጎን ይወርዳል። ገመድ ስስብ ማጣበቂያው ይለቃል። ባጎነበስሁ ቁጥር ኮሽ ኮሽ ይላል፤ አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ኪሴ ውስጥ ብስኩት እንዳለ ጠየቀችኝ። የባሰው ግን የእምቦጩ ቀን ነው። ነፋስ ያመጣው የእምቦጭ አረም ከዳር አካባቢ ከሞተሩ በታች የሚዞረውን ብረት ጠመጠመው። እንደ ወትሮዬ ሳላስብ ዘልዬ ገባሁና እስከ ወገቤ ውኃ ውስጥ ቆሜ በእጄ እየበጣጠስሁ አጸዳሁት። ሲያልቅ መውጣት አቃተኝ። ዳይፐሩ ጣናን ጠጥቶ ጠጥቶ አብጧል፤ ሱሪዬ ውስጥ ኩፍ ያለ ሊጥ የተሸከምሁ መሰለኝ። ሰዎቹ ቁርጠት የያዘኝ መስሏቸው በሁለት ክንዴ ጎተቱኝ። ስወጣ እንደ ተፈጨ በረዶ ያለ ነጭ ነገር በሱሪዬ እግር ፈሰሰ። ሳሙና ነው አልሁ። ያገለገለውን ሐይቁ ላይ መጣል ደግሞ አልሆንልህ አለኝ፤ በእምቦጩ ላይ ሌላ ልጨምርበት? በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ እንደ ስንቅ ወደ ቤቴ እመልሰዋለሁ።

በመጨረሻ መላ አገኘሁ፤ መላ ከተባለ። ውኃ መጠጣት ተውሁ። ከላይ ያልገባ ከታች አይወጣም ብዬ ነው። ጠዋት አንዳች ሳልቀምስ እወጣለሁ። ተሳላሚው ጠላ ሲቀዳልኝ፣ ገዳም ደርሰን ጸበል ጸዲቅ ሲቀርብልኝ «ጾመኛ ነኝ» እላለሁ። የእኛ አገር ደግሞ ጾም አያሳጣም። የጽጌ ጾም አለ፣ የነቢያት አለ፣ ዐቢይ ጾም አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፤ በመካከሉ ረቡዕና ዓርብ አለ። ማክሰኞ ቢሆን እንኳ የግሌ ሱባዔ ነው ብል የሚጠይቀኝ የለም። ሰዉ እንዲህ ያለ ጀልባ ነጂ አይተን አናውቅም ይል ጀመር። አንዳንድ ማኅበረተኞች «የጾመኛውን ጀልባ ስጠን» እያሉ ገብረ መስቀልን ይጠይቁት ነበር፤ እሱም ገበያ ስለ መጣለት ደስ አለው። እኔን ግን ራሴን ያዞረኛል። ሽንቴ ሻይ መስሎ ጠቆረ፣ ያቃጥለኝ ጀመር። ሐኪሙ ዘንድ ስሄድ ውኃ መቀነስ ያብሰዋል እንጂ አያሽለውም ብሎ ተቆጣኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ እሺታዬ ከግቢው በር አላለፈም።

ፋሲካ ሲመጣ ሁሉ ሰው ተደሰተ፤ እኔ ፈራሁ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ጾም የሚባል የለም። የተጠለልሁበት አጥር ሃምሳ ቀን ሙሉ ሊፈርስብኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አሞኛል፣ ጠግቤያለሁ እያልሁ አለፍሁ። አንድ ረቡዕ ግን ከዘጌ ስንመለስ ጀልባው ማኅበረተኛ ሞልቶበታል፤ ዶሮ ተሠርቶ፣ ድፎ ተቆርሶ፣ ሁሉም እየበላ እየጠጣ ነው። በደሴት ገዳም የሚኖሩ አባ ፍሬ ስብሐት የሚባሉ መነኩሴም ለገዳሙ ጉዳይ ወደ ከተማ ሊመጡ አብረውን ነበሩ። አንዲት ባልቴት ጠላ በጣሳ ሞልተው ዘረጉልኝ። አፌ ለምዶ የለ፣ «ጾመኛ ነኝ» አልሁ።

አባ ፍሬ ስብሐት ዘወር ብለው «በሃምሳው? ጌታ ተነሥቶ ሳለ የሚጾመው ማን ነው?» አሉ። ቁጣ አልነበረውም፤ ግን ሁሉም ሰማው። አንዱ ሃይማኖቱን ለወጠ እንዴ አለ። ሌላዋ ጠንቋይ መድኃኒት አስይዞት ይሆናል ብላ ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ በጆሮዬ ሰማኋት። ስደነግጥ ደግሞ ሽንቴ አይጠብቀኝም። ወደብ ስንደርስ አባን ክንዳቸውን ይዤ አወረድኋቸው። ከመሬት ከረገጡ በኋላ ዘወር ብለው ፊቴን አዩኝና ሄዱ።

ወሬ ጀልባ አይጠብቅም። በሳምንቱ ሁለት ማኅበሮች ያን ሰውዬ አንፈልግም ብለው ቀሩ። ገብረ መስቀል ጠራኝና «ቢያዝን፣ እኔ በአንተ ላይ ክፉ ነገር አላውቅም። ነገር ግን ሰው ከፈራህ ጀልባዬ ባዶዋን ትቆማለች። እውነቱን ንገረኝና ልመስክርልህ፤ አለዚያ ቁልፉን አስቀምጥ» አለኝ። እኅቴ፣ ከምነግረው ቁልፉን ማስቀመጥ ቀለለኝ። አስቀምጬለት ወጣሁ። የእናታችን መድኃኒት፣ የሔራን ትምህርት፣ የቤቱ ጉርስ በዚያች ጀልባ ነው። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ በዚህ ዕድሜዬስ ማን ያስተምረኛል? ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ዋልሁ። ፅጌ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ትለምነኛለች፤ እኔ ሆድ ይፍጀው እላለሁ። አንቺን ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው። ካንቺ በቀር ይህን ነገር ሳትደነግጥ የምትሰማኝ ሰው አልታየችኝም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አባ ፍሬ ስብሐት ሰፈር ጠይቀው ከቤቴ መጡ። እናታችን የገዳም አባት ደጃቸው በመምጣታቸው የሚሆኑትን አጡ። አባ ግን ልጅዎን ለብቻው ልየው ብለው እኔን ወደ ግቢው ወሰዱኝ። ከጌሾው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። «ልጄ፣ በጀልባው ላይ የተናገርሁህ ሥርዓቱን ነው፤ አላጠፋሁም» አሉኝ። «ስታወርደኝ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። በገዳማችን ከመኝታቸው የማይነሡ ሦስት ሽማግሌ አባቶች አሉ፤ የማጥባቸው እኔ ነኝ። ሽታውን አውቀዋለሁ።» እንባዬ መጣ። ከዓመት በላይ ከሱቅ ፋርማሲ የዞርሁበትን፣ በጣና ላይ ያላከክሁትን፣ የአባታችንን ስም ያነሣሁበትን ሁሉ እንደ ልጅ ዘረገፍሁላቸው። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ከደጀ ሰላም አልፌ ቤተ ክርስቲያን እንዳልገባሁም ነገርኋቸው።

«ደዌ ነው እንጂ በደል አይደለም፤ ንጹሕ ታጥቀህ ግባ» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «ውኃ ፈርተህ የዋልኸውን ግን ጾም አትበለው፤ እሱ ጥማት ነው» አሉ። ስለ ውሸቱም አልማሩኝም፤ ሃምሳው ሲያልፍ የምፈጽመው ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ የታጠቅሁት ምን ዓይነት እንደሆነ አሳየኝ አሉኝ። አዲስ አንድ አምጥቼ ሰጠኋቸው። አገላበጡት፣ ዘረጉት፣ በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። «እንዲህ ያለ ነገር እያለ ነው እኛ አሮጌ ሸማ እየቀደድን የሽማግሌ ገላ የምናቆስለው?» አሉ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድካም የእኔን አስረሳኝ።

በማግሥቱ ፅጌ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገቤንና ዳሌዬን ለካችኝና አብረን ወደዚያችው ፋርማሲ ሄድን። ኮፍያ አላደረግሁም። ለልጅቱ የአባቴ ያልሁሽ የእኔ ነው አልኋት። አልሳቀችም፤ ታዲያ ሥራዎ ምንድን ነው አለችኝ። ጀልባ ነጂ መሆኔን፣ እንደምቆም እንደምቀመጥ፣ ገመድ እንደምስብ፣ ውኃ እንደሚረጨኝ ነገርኋት። እሷም ትልቅ መሆኑ ሳይሆን ልክ መሆኑ ነው የሚይዘው አለችኝ፤ ጭን ላይ ሳያጠብቅ፣ ሳይከፈትም ገጠም ማለት አለበት። እንደ ሙታንታ ከእግር የሚለበሰውን በእኔ ልክ ሰጠችኝ። ሥራ በማይበዛበት ቀን ደግሞ ጠበቅ ያለ ሙታንታ ውስጥ የሚገባ ቀጭን የወንድ ፓድ አለ አለችኝ። ከመሙላቱ በፊት ይቀይሩ፣ ገላዎን አጥበው በደንብ ያድርቁ፣ ውኃዎን በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየከፋፈሉ ይጠጡ ብላ መከረችኝ። ፅጌ ቤት ስንገባ ሳትፈትነኝ አላመነችም። ውኃ አጠጥታ ወንበር ላይ ውጣ፣ ውረድ፣ ሳል፣ አጎንብስ ትለኛለች። ሔራን ደርሳ በር ላይ ደንግጣ ቆመች፤ እናታችን ከጓዳ ሆነው «ይህ ልጅ ዘፈን ጀመረ እንዴ?» አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቀን ስስቅ ፈርቼ አላቆምሁም። ለሔራን ያን ዕለት ነገርኋት፤ ትልቅ ልጅ ናት፣ አቀፈችኝ።

ሥራው ግን ገና በሰው እጅ ነበር። አባ ፍሬ ስብሐት ወደ ገዳማቸው የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ ገብረ መስቀል ዘንድ ሄደው ቢያዝን ካልነዳ አልሳፈርም አሉት። ምሥጢሬን አላወጡም፤ ይህን ብቻ አሉ። ገብረ መስቀል መነኩሴን እንቢ ማለት ፈርቶ ለአንድ ጉዞ ቁልፉን ሰጠኝ። ጀልባው ተሳላሚ ሞልቷል፤ ያን ጊዜ ጠላ የዘረጉልኝ ባልቴትም አሉ። ሰላምታዬን የመለሰልኝ ጥቂት ነው። ዘጌን በግራችን ትተን መካከሉ ላይ ስንደርስ አባ ውኃ ለመኑ። ባልቴቷ በዚያው በጣሳቸው ሞልተው ሰጧቸው። አባ ባርከው ከንፈራቸውን ለማርጠብ ያህል ቀመሱና በሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዘረጉት። «ጠጣ፣ ሃምሳው ነው» አሉኝ።

ጣሳው ያው ሙሉ ነበር። ሁሉም አፌን ያያል። ሰዎቹ ስለ ሃይማኖቴ ሲያስቡ እኔ የማስበው ስለ ታጠቅሁት ነበር። በልቤ ያዝ፣ ያዝ እያልሁ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። እንዴት እንደ ጣፈጠኝ አልነግርሽም። ለካ ከዓመት በላይ ጣና ላይ እየዋልሁ ውኃ ጠምቶኝ ነበር። ባልቴቷ እልል አሉና ደገሙልኝ፤ ሁለተኛውንም ጠጣሁ። ደሴቱ ሳንደርስ ነፋስ ተነሣ፤ ሞገድ ጀልባዋን ሲመታት ተነሥቼ፣ ተደግፌ፣ ጮኼ ነዳሁ። አመለጠኝ፤ ታውቆኛል። ስንደርስ ገመዱን ካሰርሁ በኋላ ሰው ሳያየኝ ሱሪዬን በመዳፌ ዳሰስሁት። ደረቅ ነው። አባን ሳወርዳቸው ዓይናቸውን ወደ እኔ አነሡ፤ ራሴን ነቀነቅሁላቸው፤ እሳቸውም ነቀነቁ።

ቁልፉ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ገብረ መስቀል ምን እንደ ነበር አልጠየቀኝም፤ ማኅበሮቹም ተመልሰዋል። አንድ ቀን እነግረው ይሆናል፤ ዛሬ ግን አቅም የለኝም። ድኛለሁ ብዬ አልጻፍሁልሽም። ጠዋት ስነሣ የማስበው አሁንም ስንት ልያዝ፣ የት ልቀይር፣ ፌስታሉን የት ልደብቅ ነው። ጭኔ ይላጣል። ሰኔ ገብቶ የሐዋርያት ጾም ሲጀምር አባ ለሕመሜ ውኃ ፈቅደውልኛልና እየጠጣሁ እጾማለሁ፤ ጾመኛው የሚለው ስሜም ይቅር።

ስለዚህ እንደ ጋሼሽ ሳይሆን ዕውቀት እንደሚለምን ሰው ልጠይቅሽ። ባባን በቀን ስንት ጊዜ ትቀይሪዋለሽ? ገላው እንዳይቆስል የምትቀቢው ቅባት ስሙ ምንድን ነው? ሽታውን በምን ታጠፊዋለሽ? ውኃ የማያስገባ ከላይ የሚደረብ ሱሪ እዚያ አለ ብለሽኝ ነበር፤ እንደ እኔ እምቦጭ ለሚያጸዳ ሰው ይሆናል ወይ? ደግሞ የአባ ሦስቱ ሽማግሌዎች አሉ፤ አንደኛው ዓይነ ስውር ናቸው፣ ሌላው ጎናቸው ቆስሏል። ለእነሱ የትኛው እንደሚሻል፣ የማይነሣን ሰው ሳያሙ እንዴት እንደሚያገላብጡት በዝርዝር ጻፊልኝ። አባ ማንበብ ያውቃሉ፤ የጻፍሽውን እኔው በጀልባዬ አደርስላቸዋለሁ። ወገብሽን የቆረጠው ሥራ ምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ፤ እባክሽ ስታነሺው በጉልበትሽ አንሺው፣ በወገብሽ አታንሺው።

እናታችን ጉንጭሽን ይስማሉ፤ ዓይናቸው ሳይጠፋ ብትመጪ ብለዋል። ፅጌ ማርያም እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች፤ አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ይህን ሁሉ አንዞርም ነበር ትላለች። ሔራን በስልክ ፎቶዋን ትልክልሻለች፤ ለአክስቴ ናፍቆቴን ጻፍልኝ ብላኛለች። አብረውሽ በእሑድ ለሚገናኙ እኅቶች ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ለማዳምሽም ሰላም በዪ፣ ቁጣዋን ያብርድላት።

ለባባም ሰላምታዬን አድርሽልኝ። አማርኛ እንደማይሰማ፣ አንዳንድ ቀን ስምሽንም እንደሚረሳ ነግረሽኛል። ቢሆንም አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ንጹሑን ስታለብሺው፣ ጣና ዳር ያለው ወንድሜ ሰላም ብሎሃል በዪው። እሱ አያውቀኝም፤ እኔ ግን አሁን አውቀዋለሁ።

ወንድምሽ ቢያዝን

ባሕር ዳር፣ ግንቦት ፳፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.